በጎቹ ከወይን ማሳው የሚወጡበት ቀን

በጥር ወር፣ በካሊፎርኒያ ፓሶ ሮብልስ ከምትባለው ከተማ በስተ ምዕራብ ወዳሉት ኮረብታዎች የወጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ወይን ላይ ሳይሆን በግ ላይ ነው። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ጥቁር ግንዱ ብቻ ቀርቷል። በተርታዎቹ መካከል ግን ባቄላው፣ አተሩ፣ አጃውና ማገጡ ተደባልቆ እስከ ጉልበት በቅሏል፤ በጎቹም አንገታቸውን ደፍተው ይህንኑ ይግጣሉ። ዳር ላይ አንድ ግዙፍ ጠባቂ ውሻ ተጋድሟል፤ በአካባቢው ኮዮቴ የሚባለው የዱር ውሻም ሆነ የተራራ አንበሳ ስላለ ያለ ጠባቂ በግ ማሳደር አይታሰብም።

እርሻው ታብላስ ክሪክ ይባላል። በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ ሻቶ ደ ቦካስቴል የተባለው የወይን እርሻ ባለቤቶች የሆኑት የፔራን ቤተሰብና አሜሪካዊው ወይን አስመጪ ሮበርት ሃስ በሽርክና 120 ኤከር፣ ማለትም 48 ሄክታር ያህል መሬት ገዝተው የጀመሩት ነው። በ2020 ደግሞ «ሪጀነሬቲቭ ኦርጋኒክ» የሚባለውን ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የወይን እርሻ ሆነ። ቃሉ ዛሬ በቡና ከረጢት ላይም፣ በልብስ መለያ ላይም፣ በኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ላይም ይታያል። ትርጉሙን ግን ብዙ ሰው በውል አያውቀውም፤ የሚያውቁትም ብዙውን ጊዜ እንደ ግብዓት ዝርዝር አድርገው ነው የሚያቀርቡት፦ አትረስ፣ በግ አስገባ፣ ብስባሽ አፍስስ። እኔ ነገሩን የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ይህ እርሻ የሚቆመው በተራና በጊዜ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራለታል፤ ቀኑ ከተሳተ ግን ያው ጥቅም ጉዳት ይሆናል። ተራ ከሚይዙት መካከል ደግሞ ሰዎች አሉ፤ ማሳው ውስጥ የሚሠሩት፣ ጎረቤቶቹ፣ ሩቅ ከተማ ያሉትም ጭምር።

ቃሉ ከየት መጣ

«ሪጀነሬቲቭ»ን አፈር አዳሽ እርሻ ልንለው እንችላለን። ቃሉን በ1980ዎቹ ያስፋፋው በፔንሲልቫኒያ የሮዴል ተቋም መሪ የነበረው ሮበርት ሮዴል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተጎዳን መሬት «እንዳለ ማቆየት» ማለት ጉዳቱን ማቆየት ነው፤ ስለዚህ ግቡ መሬቱ ከዓመት ዓመት እንዲሻለው ማድረግ መሆን አለበት።

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል በአብዛኛው የሚናገረው ስለማይደረገው ነገር ነው፤ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አይገባም፣ የፋብሪካ ፀረ አረም አይረጭም። አንድ ገበሬ ይህን ሁሉ አክብሮ፣ አረሙን ግን በየሁለት ሳምንቱ በማረሻ እየገለበጠ አፈሩን በጎርፍ ሊያስወስድ ይችላል። በተግባር ኦርጋኒክነቱን የሚነጥቀው እምብዛም የለም። አፈር አዳሽ እርሻ የሚጠይቀው አፈሩ ዘንድሮ ከአምና እንደተሻለው ነው።

አንድ ችግር አለ። በአሜሪካ «ኦርጋኒክ» በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ቃል ሲሆን «ሪጀነሬቲቭ» ይህ ጥበቃ የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ይለጥፈዋል። ለዚህ ነው በ2017 የሮዴል ተቋም፣ ልብስ የሚሠራው ፓታጎኒያና ሳሙና የሚሠራው ዶክተር ብሮነርስ አንድ ላይ ሆነው የራሳቸውን መመዘኛ ያወጡት። መመዘኛው በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፦ የአፈር ጤና፣ የእንስሳት ደህንነትና ለሠራተኛ ፍትሐዊ መሆን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። እኔ ግን ያለ እሱ የፊተኞቹ ሁለቱም አይዘልቁም ባይ ነኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ

አፈር ሲታደስ ምን እንደሚሆን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ከሚቆፈር መሬት እንቁላል የሚያክል ደረቅ ጓል ያንሱ፤ ሌላ ያንኑ የሚያክል ደግሞ ለዓመታት ሣር ከሸፈነው አጥር ሥር ያንሱ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይሙሉና ጓሎቹን በሻይ ማጥለያ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይንከሩ። እኔ ይህን የሠራሁት በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ያመጣሁት በየዓመቱ እየቆፈርኩ ቲማቲም ከምተክልበት መደብ፣ ሁለተኛውን ከአጥሬ ሥር ነበር። የመደቡ ጓል ደቂቃ ሳይሞላው እየተንፈቀፈቀ ፈረሰ፤ ውሃው የጠላ አተላ መሰለ። የአጥሩ ጓል ትንንሽ አረፋ እያወጣ ቆየ እንጂ አልተነካም። ማታ ስመለስ ቅርጹን እንደያዘ አገኘሁት፤ ውሃውም ጥርት ብሎ ነበር። ሁለቱ አፈሮች መካከል ያለው ርቀት ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። መቆፈሬን ትጋት አድርጌ ነበር የማየው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሙጫ ነው። ተክል በቅጠሉ ከሚሠራው ስኳር የተወሰነውን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ይለቃል። ይህ ብክነት አይደለም፤ ክፍያ ነው። በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ስኳሩን በልተው በምትኩ ተክሉ ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን ፎስፈረስና ሌላ ንጥረ ነገር ያመጡለታል። የወይን ሥር ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር አጥብቆ የሚወዳጅ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነው የፈንገሱ ክር ለወይኑ እንደ ሁለተኛ ሥር ያገለግላል። እነዚህ ፍጥረታት የሚያወጡት ሙጫና ክራቸው የአፈሩን ቅንጣት አያይዞ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ያደርገዋል። በፍርፋሪው መካከል የሚቀረው ክፍተት የአየርና የውሃ መተላለፊያ ነው። ሙጫ የሌለው ደረቅ ጓል ውሃ በድንገት ሲገባበት ውስጡ የታፈነው አየር ያፈነዳዋል፤ እኔ ብርጭቆ ውስጥ ያየሁት መንፈቅፈቅ ይኸው ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን ዝናቡ የፈረሰውን ደቃቅ አፈር ለጥፎ እንደ ቆርቆሮ ያደርገዋል፣ ቀጣዩ ዝናብም በላዩ ይንሸራተታል።

ወይን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይከፍልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቅጠሉን ካራገፈ በኋላ ለወራት ይተኛል። በፓሶ ሮብልስ ዝናቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጥለው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ማለትም ወይኑ ተኝቶ ሳለ ነው። ማሳው ራቁቱን ከሆነ ውሃ በሚመጣበት ወቅት የአፈሩ ፍጥረታት የሚበሉት የለም፣ ዝናቡንም የሚቀበል ቅጠል የለም። በተርታዎቹ መካከል የሚዘራው ሽፋን ሰብል ይህን ክፍተት ይሞላል። አጃው አፈሩን በሥሩ ጠፍሮ ይይዛል፤ ባቄላው፣ አተሩና ማገጡ በሥራቸው እባጭ ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ያስገባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። ሽፋኑ የወይኑን ውሃ አይጠጣበትም? ይጠጣል። ታብላስ ክሪክ አብዛኛውን ማሳውን ያለ መስኖ ነው የሚያለማው፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ ግንዶቹ በሁሉም አቅጣጫ ከሦስት ሜትር በላይ ተራርቀው የተተከሉት እያንዳንዱ ሰፊ አፈር ለብቻው እንዲያገኝ ነው። የድሮ የካሊፎርኒያ ወይን ገበሬዎች ያርሱ የነበረው በስንፍና ወይም ባለማወቅ አልነበረም፤ አረሙ ለበጋ የተቀመጠውን እርጥበት እንዳይጨርስ ብለው ነው። ስለዚህ ሽፋን መዝራት ብቻውን ዕውቀት አይደለም። ዕውቀቱ ሽፋኑን መቼ ማስቆም እንደሚገባ ማወቅ ላይ ነው። የማስቆሙን ሥራ የሚጀምሩት በጎቹ ናቸው።

በግ ምን ይሠራል፣ ምን ያበላሻል

በግ ማሳ ውስጥ ሲገባ ሣር ያጭዳል፣ ያጨደውን በሆዱ ፈጭቶ በጠጥ አድርጎ በየቦታው ይበትናል፣ የተረፈውን ገለባ በኮቴው ረግጦ ከአፈር ጋር ያገናኛል። ይህን ሁሉ በትራክተር ለመሥራት ቢፈለግ ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልግ ነበር። ሽፋኑ እንዲሁ ቢበሰብስ ወራት ይፈጅ የነበረው ንጥረ ነገር በበጉ ሆድ በኩል በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአፈሩ ፍጥረታት ይደርሳል።

ነገር ግን በጎቹን ለቅቆ መተው አይቻልም። በተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መረብ ትንሽ ቦታ ይከለልላቸዋል፤ አንድ ሁለት ቀን ግጠው ወደሚቀጥለው ይዛወራሉ። ቢቆዩ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ሣር ደግመው ይነጩታል፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ሥሩም ይሞታል፣ ከላይ የነገርኳችሁ የስኳር ክፍያም ይቋረጣል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ የሸክላ አፈር እንደ ሊጥ ስለሚሆን ኮቴ ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፤ ያን ጊዜ በጎቹ ሌላ ቦታ መዋል አለባቸው። እረኛው በየማለዳው ማሳውን የሚያየው ለዚህ ነው።

ብዙ ጽሑፍ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። የወይን ገበሬ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሻጋታን የሚከላከለው መዳብ በመርጨት ነው፤ ኦርጋኒክ ገበሬም ይፈቀድለታል። መዳብ ግን አይበሰብስም፣ በአፈርና በሣር ላይ ይከማቻል። ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብን የማይችለው ደግሞ በግ ነው፤ ጉበቱ ያጠራቅመውና አንድ ቀን በድንገት ይጥለዋል። የአውሮፓ ኅብረት መዳብን በሄክታር በሰባት ዓመት ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ የወሰነው በአፈርና በአካባቢ ላይ ባለው ጉዳት ነው። ፓሶ ሮብልስ ወይኑ ቅጠል ባለበት በሞቃቱ ወቅት ደረቅ በመሆኑ ዋናው የወይን በሽታ ነጭ ዱቄት መሳዩ ሻጋታ ነው፤ እሱን በድኝ መከላከል ይቻላል። ያ ወቅት ዝናባማ በሆነ አገር ግን መዳብ መርጨት ግድ ስለሚል በግ ማስገባቱ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። አንዱ ጋ የሠራው ሌላው ጋ በግ የሚገድል ሊሆን ይችላል። አፈር አዳሽ እርሻ በኮፒ የማይሄደው ለዚህ ነው።

ውርጭም አለ። ታብላስ ክሪክ በ2009 እና በ2011 በጸደይ ውርጭ ክፉኛ ተመትቷል። ረጅም ሣር ያለበት ማሳ ሌሊት ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ሣሩ ቀን ላይ ፀሐይ አፈሩን እንዳታሞቅ ይከልላል፣ ሌሊት ደግሞ አፈሩ ያለችውን ሙቀት ወደ ላይ እንዳይሰድ ያግዳል። ስለዚህ ለምለም ሽፋን ሲያዩት ደስ ቢልም እምቡጥ በሚፈነዳበት ሰሞን ማጠር አለበት። በጎቹ ቀድመው ግጠው ከጨረሱት ችግሩ ይቀላል።

የተለያየ ነገር ባንድ ማሳ

እርሻው ውስጥ ወይን ብቻ አይደለም ያለው። የወይራ ዛፍ አለ፣ የፍራፍሬ ዛፎች አሉ፣ የንብ ቀፎ አለ። በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ሣጥኖችም አሉ፤ የጉጉት ቤቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ጉጉት ስትጮህ የሰው ልብ ይደነግጣል፤ የካሊፎርኒያ ወይን ገበሬ ግን ቤት ሠርቶ ይጠራታል። ፍልፈል የወይን ሥር በልቶ ግንዱን ስለሚያደርቅ መርዝ ከማስቀመጥ ጫጩት የምታሳድግ ጉጉት ትሻላለች። በዚያው በካሊፎርኒያ በናፓ ሸለቆ የተደረገ ጥናት አንድ የጉጉት ቤተሰብ በዓመት ከ3,000 በላይ አይጥና ፍልፈል ሊወስድ እንደሚችል ገምቷል።

ወይኑ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም፦ ግሬናሽ፣ ሲራ፣ ሙርቬድር፣ ሩሳን፣ ኩንዋዝና ሌሎችም አሉ። ግሬናሽ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ሙርቬድር ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ውርጭ ግሬናሹን ቢመታው ሙርቬድሩ ገና ተኝቶ ያመልጣል። የትግራይና የኤርትራ ገበሬ ገብስና ስንዴ ደባልቆ ሐንፈጽ የሚዘራው በዚሁ ስሌት ነው፤ ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ፣ ቢበረክት ስንዴው ይደርሳል።

እነዚህ የወይን ዝርያዎች ካሊፎርኒያ የደረሱበት መንገድ ራሱ ስለ ትብብር ይናገራል። መሥራቾቹ ከቦካስቴል የቆረጡትን ቅንጥብጣቢ ይዘው ሲመጡ በሽታ እንዳያስገባ ሦስት ዓመት ያህል በመንግሥት ኳራንታይን ቆየባቸው። ከዚያም የራሳቸውን ችግኝ ጣቢያ አቋቋሙ። ያንን ዘር ለራሳቸው ብቻ ቢይዙት ማንም አይከለክላቸውም ነበር፤ እነሱ ግን እያባዙ ለሌሎች ሸጡት። ዛሬ በአሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ የወይን እርሻዎች ከዚያ የወጣ ግንድ አላቸው። አካባቢው በእነዚህ ዝርያዎች ስሙ የታወቀው አንድ እርሻ ብቻውን ስላልቀረ ነው። በዚያው አካባቢ ገበሬዎች በ1994 ቪንያርድ ቲም የተባለ ማኅበር አቋቁመው የሠራላቸውንና ያልሠራላቸውን እርስ በርስ ይማማራሉ። የኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አይቸግረውም፤ ደቦ ለአንድ ቀን ሥራ የሚጠራ ነው፣ ወንፈል ግን ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ ነው። ይህ ወደ ወንፈሉ ያደላል።

የጋራው ውሃ

ከእርሻው በስተ ምሥራቅ የፓሶ ሮብልስ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ይህን ተፋሰስ ከመጠን በላይ ከተቀዱት አደገኛ ደረጃ ላይ ካሉት መካከል መድቦታል፤ በ2014 የወጣው የግዛቱ የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ እንዲህ ያለው ቦታ የሚቀዳውን ከሚሞላው ጋር እንዲያመጣጥን ያስገድዳል። ነገሩ ከሕግ በፊት የጎረቤት ጉዳይ ነው። ትልቅ እርሻ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲስብ አጠገቡ ያለው የድሃው ሰው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይደርቃል። ያለ መስኖ ማልማት ምርቱን በሄክታር ይቀንሳል፤ ጥቅሙ የሚታየው በከፊል በጎረቤት ግቢ ነው።

የሚሠሩት እጆች

አሁን ወደ ሦስተኛው ምሰሶ ልመለስ። «የሠራተኛ ደመወዝ ከአፈር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። መልሱን በመግረዣ መቀስ ጫፍ ላይ ማየት ይቻላል።

ወይን በብርዱ ወራት፣ ተኝቶ ሳለ፣ ይገረዛል። እያንዳንዱ ቁርጠት ቁስል ነው። በተሳሳተ ቦታ ወይም ዝናብ ሊመጣ ሲል ትልቅ ቁስል የተተወበት ግንድ የእንጨት በሽታ ይገባበታል። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ክንድ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ግንዱ ይሞታል። ያለ መስኖ የሚኖር ወይን ደግሞ ሥሩን ወደ ጥልቁ ለመስደድ ዕድሜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእርሻው ዕድሜ የሚወሰነው መቀሱን በያዘው ሰው ችሎታ ነው። በካሊፎርኒያ የወይን ሠራተኞች አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚቀጠሩትም በደላላ ኤጀንሲ በኩል ለወቅት ሥራ ነው። ዘንድሮ የገረዘው ሰው ከርሞ ካልተመለሰ የትኛው ግንድ ደክሞ እንደነበር፣ የትኛው ተርታ ላይ ውሃ እንደሚተኛ የሚያስታውስ አይኖርም።

የእርሻው ብዝኃነት እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ወይን ብቻ ያለው ገበሬ በመኸር ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ አይፈልግም። ወይራ፣ በግ፣ ፍራፍሬና ችግኝ ያለው ግን ሥራውን በወራት ላይ መዘርጋት ይችላል፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የወይን ለቀማ፣ ቀጥሎ ወይራ፣ ከዚያ ግረዛ፣ በመሃሉ የበጎች ውልደት፣ በጸደይ ችግኝ። ለአፈሩ ይጠቅማል ተብሎ የመጣው ስብጥር ለሠራተኛው የዓመት ደመወዝ ያስገኝለታል፤ ዓመቱን የሚከርመው ሠራተኛ ደግሞ ማሳውን በግንድ በግንዱ ያውቀዋል። መመዘኛው ኑሮን የሚችል ደመወዝ፣ የመደራጀት ነፃነትና ከአደጋ የተጠበቀ ሥራ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ይገባኛል። አንድ እርሻ ስለ በጎቹ ብዙ ፎቶ እየለጠፈ ስለ ሠራተኞቹ አንድ መስመር ካልጻፈ እኔ በበኩሌ እጠራጠረዋለሁ።

ከወጥ ቤት እስከ ተርታው

የትብብሩ ድንበር እርሻው አጥር ላይ አያበቃም። ሳን ፍራንሲስኮ በ2009 ባወጣችው ደንብ ነዋሪውም ምግብ ቤቱም የምግብ ትራፊውን ለይቶ በአረንጓዴው ገንዳ እንዲጥል ግዴታ ነው። የተሰበሰበው ከከተማ ውጪ ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ በራሱ ሙቀት በስሎ ብስባሽ ይሆናል፤ ከገዢዎቹ መካከል የናፓና የሶኖማ ወይን ገበሬዎች ይገኙበታል። በዚያች ከተማ የሚኖር የኛ ሰው የጣለው የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የተረፈ እንጀራ ወደ ወይን ሥር ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ግን ጥንቃቄው ያለው ከወጥ ቤቱ ነው። በአረንጓዴው ገንዳ ውስጥ የገባ ፌስታል ተቆራርጦ ብስባሹ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያም ማሳ ላይ ይበተናል። ከአፈር ላይ ፕላስቲክ መልቀም አይቻልም ማለት ይቀላል። ገበሬው ብስባሹን የሚገዛው የማያውቃቸውን የብዙ ሺህ ሰዎች እጅ አምኖ ነው።

የተጋነነውን መቀነስ

ለዚህ እርሻ የምናገረው ስለምወደው ነው፤ ስለምወደውም ያልሆነውን ሲሉለት ደስ አይለኝም። በብዙ መድረክ የሚደጋገም ቁጥር አለ፦ «የአፈር ብስባሽ በአንድ በመቶ ሲጨምር በአንድ ኤከር 20,000 ጋሎን ውሃ ይያዛል» ይባላል። ይህ በሄክታር 187,000 ሊትር ያህል ነው። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሊቃውንት የሆኑት ቡዲማን ሚናስኒና አሌክስ ማክብራትኒ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ መረጃ መርምረው በ2018 ያወጡት ውጤት ሌላ ነው። የአፈሩ ካርቦን (የብስባሹ ዋና ክፍል) በአንድ በመቶ ሲጨምር ተክል ሊጠጣው የሚችለው ውሃ በየ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በአማካይ በ1.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጨምራል። የላይኛውን 30 ሳንቲ ሜትር ብንወስድ በሄክታር 35,000 ሊትር ገደማ ነው። ከሚወራው አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ ካርቦንን በአንድ በመቶ ማሳደግም የዓመታት ልፋት ነው።

ታዲያ ጥቅሙ የት አለ? ብርጭቆው ውስጥ ነው። ዋናው ነገር አፈሩ ከያዘው ውሃ ይልቅ ዝናቡ ወደ ውስጥ መግባት መቻሉ ነው። ፍርፋሪው ያልፈረሰ አፈር ጎርፍ ሆኖ ሊሄድ የነበረውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ታች ያወርዳል፤ በላዩ የተኛው ገለባም ፀሐይ እንዳትስበው ይከልላል።

አፈር ካርቦንን ከአየር ይሰበስባል በሚለውም ረገድ እንዲሁ ነው። ድሃ የነበረ አፈር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጥኖ ይሰበስባል፣ ከዚያ ይጠግባል፤ ተመልሶ ቢታረስ ደግሞ የሰበሰበውን ይለቃል። ወይን ጠጅ በሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ውስጥ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ የመስታወት ጠርሙሱ ነው፤ ከባድ ጠርሙስ የሚጠቀም ድርጅት በማሳው ያዳነውን በፋብሪካ ይመልሰዋል። ታብላስ ክሪክ ጠርሙሱን ማቅለሉና በ2022 የተወሰነ ወይኑን በሦስት ሊትር ካርቶን መሸጥ መጀመሩ፣ ፎቶው ባያምርም፣ ከበጎቹ ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

ባቱ ላይ ቢሆንስ

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ወይን እርሻ ሲነሳ የሚታሰበው ባቱ (ዝዋይ) ያለው የካስቴል እርሻ ነው፤ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው በ2014 ነበር። እዚያ የካሊፎርኒያውን የቀን መቁጠሪያ ይዞ መሄድ አይቻልም። ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ ስለሌለ ወይኑ በራሱ አይተኛም፤ የሚያስነሳውም ጸደይ ሳይሆን መቀስ ነው። ገበሬው ሲገርዘው ያቆጠቁጣል፤ ፍሬው በደረቁ ወቅት እንዲበስል አድርጎ የግረዛውን ቀን ይመርጣል። ስለዚህ በግ ሊገባ የሚችልበት ጊዜ በለቀማና በግረዛ መካከል ያለው አጭር ፋታ ነው። ዝናቡ ወይኑ ቅጠል ባለበት ጊዜ ስለሚመጣ የሻጋታውና የመዳቡ ጥያቄም ከፓሶ ሮብልሱ ይከብዳል።

በሌላ በኩል እዚያ ያለ ገበሬ ስለ ከብትና ማሳ ግንኙነት ከውጭ የሚማረው ጥቂት ነው። አዝመራ ሲነሳ ቃርሚያውን የጎረቤት ከብት ሲግጠው ኖሯል። የጎደለው ሌላ ነው፤ ማገዶ ስለጠፋ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ ወደ አፈሩ መመለስ የነበረበት ምጣድ ሥር ያልቃል። እናቶች ሌላ ማገዶ ሳያገኙ «ፍጉን ለአፈር ተዉት» ማለት ከንቱ ምክር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አፈር ማደስ የሚጀምረው ከምድጃው ነው።

ፓሶ ሮብልስ ላይ መጋቢት ሲጋመስ እረኛው ከበጎቹ ይልቅ ግንዶቹን ማየት ያበዛል። ጎንበስ ብሎ በግሬናሹ ላይ ያለውን እምቡጥ በአውራ ጣቱ ይነካል። እምቡጡ ጥጥ የመሰለ ነገር አውጥቶ ጫፉ ሮዝ ማለት ከጀመረ ጊዜው አልቋል፤ በግ ከባቄላም ከአጃም አስበልጦ የሚወደው ያንን ለጋ ቀንበጥ ነው፣ አንድ ቀንበጥ ማለት ደግሞ ሁለት ዘለላ ነው። መረቡን ነቅሎ በጎቹን ገና ወዳልነቃው ሙርቬድር ያሻግራቸዋል። እሱም ሲነቃ ከማሳው ጨርሰው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት በጥቅምት የመጨረሻው ዘለላ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው።